ጦም ያደረውን ቁጥራችንን የሚጠብቁልኝ ሁለት ነፃ አገልግሎቶች

አባቴ መንዝ ነው ያለው፤ ገበሬ ነው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የማሳውን ዳር ዳር ይዞራል። የሚዞረው ያረሰውን አይደለም። ጦም ያደረውን ነው። ያረሰውንማ ማንም ያየዋል፤ ቡቃያው ራሱ ባለቤት እንዳለው ይናገራል። ጦም ያደረ መሬት ግን ዝም ይላል። አንድ ዓመት ካላዩት የድንበር ድንጋዩ ፈቀቅ ይላል። ሁለት ዓመት ካላዩት የሰው ገብስ በቅሎበት ይገኛል።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ድርጅት ኔትወርክ ነው የምይዘው። ዛሬ የምጽፈው ሳንጠቀምበት የተኛውን የኢንተርኔት መለያ ቁጥራችንን ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ስለሚከታተሉልኝ ሁለት አገልግሎቶች ነው፤ ራይፕስታት እና ቢጂፒአለርተር ይባላሉ። ከጥቅምት ጀምሮ ሰባት ወር ተጠቀምኩባቸው። ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ሥራቸው ለእኔ የአባቴ የግንቦት ዙሪያ ነው።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው ትንሽ ላስረዳ። ኢንተርኔት አንድ ወጥ ነገር ይመስላል እንጂ ከ70 ሺህ በላይ ኔትወርኮች የተያያዙበት ነው። እያንዳንዱ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ እኛ ኤኤስ ቁጥር እንለዋለን። የኢትዮ ቴሌኮም ለምሳሌ 24757 ነው። ለአፍሪካ ቁጥሮቹን የሚሰጠው ሞሪሸስ ያለው አፍሪኒክ ነው። ኔትወርኮቹ ቢጂፒ በሚባል መንገድ «ይህ አድራሻ በእኔ በኩል ይገኛል» እያሉ ያውጃሉ። አድራሻ የምለው ኢንተርኔት ላይ ያለ መሣሪያ የሚገኝበትን ቁጥር ነው። ጎረቤት የሰማውን ለጎረቤቱ ያቀብላል። ቢጂፒ ራሱ የተናጋሪውን ማንነት አያጣራም፤ የተባለውን ያምናል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ብቻ ሊዘጋ ያወጀው አዋጅ ወደ ውጭ አመለጠ። ዓለምም ለሁለት ሰዓት ያህል ዩቲዩብን አጣ። ያውም ዩቲዩብ በሥራ ላይ ያለ፣ ሁሉም የሚያየው ማሳ ነበር።

ወደ እኛ ልምጣ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ እስኪጀምር ድረስ በአገራችን የኢንተርኔት መስመር በዋናነት ከአንድ በር ነበር የሚመጣው። በር አንድ ከሆነ ደግሞ የራስ ኤኤስ ቁጥር ብዙም አይፈይድም። ቁጥሩ የሚጠቅመው ከሁለት አቅራቢ መስመር ሲወስዱ፣ አንዱ ሲጠፋ በሌላው እንዲወጡ ነው። ሁለተኛው አቅራቢ ሲመጣ ድርጅታችን ተነሳሳ። ባለስድስት አሃዝ ኤኤስ ቁጥር አወጣ። 256 አድራሻም አብሮ ወሰደ። ከዚያ የሁለተኛው መስመር ውል ሳይፈረም ቀረ። ጉዳዩን የያዘው የቀድሞ ባልደረባችን ሥራ ለቀቀ። ቁጥሩ ፋይል ውስጥ ተኛ። እኔ ስቀጠር ቁጥር እንዳለን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ያገኘሁት አሮጌ ደረሰኝ ሳገላብጥ ነው።

ለፋይናንስ ኃላፊያችን ሄጄ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ይህ ቁጥር ጠባቂ ያስፈልገዋል።»

«ልጄ፣ ያልተጠቀምንበትን ቁጥር ማን ምን ያደርገዋል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ጦም ያደረ መሬትዎን ሳያዩ ስንት ዓመት ይቀመጣሉ?»

ዝም አሉ። እሳቸውም የገጠር ልጅ ናቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ስነግራቸው ወንበር ስበው ነው የሚያዳምጡኝ።

ስጋቱ ባዶ ስጋት አይደለም። አንድ አድራሻ ባለቤቱ እያወጀው ከሆነ ሌባው መጋፋት አለበት፤ ትርምስ ይፈጠራል፤ ሰው ያያል። ማንም የማያውጀው አድራሻ ላይ ግን ተጋፊ የለም። ሌባው ብቻውን ያውጃል፤ ትራፊኩ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል፤ የሚጮህ ደንበኛም የለም። አይፈለጌ ኢሜይል ሲልክበት ከርሞ ይሄዳል። ባለቤቱ ከዓመት በኋላ ሲመጣ አድራሻው በየጥቁር መዝገቡ ሰፍሮ ይጠብቀዋል። ኤኤስ ቁጥሩም እንዲሁ ነው። የተኛ ድርጅት ስም ይዞ፣ ሐሰተኛ የፈቃድ ደብዳቤ አሠርቶ፣ አንድ ቸልተኛ አቅራቢ ዘንድ መቅረብ ነው። እዚሁ አህጉራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የወጣውን ማንሳት ይበቃል። በአፍሪኒክ መዝገብ ያለአግባብ የተወሰዱ አድራሻዎች ተገኙ፤ በኋላ ሲቆጠሩ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂት የማይባሉት የቆዩ ምዝገባዎች ነበሩ።

አሁን ወደ አገልግሎቶቹ።

ራይፕስታት የአውሮፓ ቁጥር መዝጋቢ የሆነው፣ አምስተርዳም ያለው ራይፕ ኤንሲሲ የሚያቀርበው ድረ ገጽ ነው። ምዝገባ አይጠይቅም። ቁጥሩን ትጽፋለህ፣ የቁጥሩን ሕይወት ያወጣልሃል። መረጃው የሚመጣው ራይፕ በየአገሩ ካስቀመጣቸው፣ የኔትወርኮችን አዋጅ እየሰሙ ከሚመዘግቡ ሰብሳቢ ኮምፒውተሮች ነው፤ አንዱ ጆሃንስበርግ ነው ያለው። የአፍሪካ ቁጥር ስለሆነ አይታይም የሚባል ነገር የለም።

እኔ የወደድኩት የመንገድ ታሪክ የሚለውን ክፍል ነው። ቁጥራችን ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ምን አድራሻ ሲያውጅ እንደታየ በመስመር ይሥልልሃል። የእኛን ስከፍት ባዶ ነበር። ባዶነቱን ሳይ ደስ ያለኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ማንም አልነካብንም ማለት ነው። ከዚያ ነገሩ አልለቀቀኝም። አፍሪኒክ በየቀኑ የሚያወጣውን የምዝገባ ዝርዝር አወረድኩ። የኢትዮጵያን ኤኤስ ቁጥሮች ለየሁ። ቡና እየጠጣሁ አንድ በአንድ ራይፕስታት ላይ አስገባኋቸው። አንዳንዱ ሌት ተቀን ይታያል። አንዳንዱ ጭራሽ የለም። የእኛ ብቸኛ ጦም አዳሪ አይደለም። የማንን እንዳየሁ አልጽፍም፤ ባለቤቱ ራሱ ገብቶ ይየው።

የማልወድለትም አለ። ገጹ ከባድ ነው። መስመራችን ሲደክም ሥዕሎቹ ለመምጣት ደቂቃዎች ይፈጃሉ። ክፍሎቹ ብዙ ናቸው፤ ጀማሪ ሰው የቱን እንደሚከፍት ግራ ይገባዋል። የመንገድ ታሪኩን ክፈት፣ የምዝገባ መረጃውን ክፈት፣ ሌላውን ለጊዜው ተወው። ሰዓቱ የግሪንዊች ነው። ይህ ግን ለእኛ ቀላል ነው፤ ከእነሱ ሰዓት ላይ ሦስት ስትቀንስ የሐበሻ ሰዓት ይመጣልሃል። ከ12 ከበለጠ 12 ደግመህ ቀንስ፤ የእነሱ 23 ሰዓት የእኛ ሌሊት 8 ነው ማለት ነው። ዋናው ጉድለቱ ግን ሰብሳቢዎቹ የሚያዩት ጎረቤቶቻቸው የሚነግሯቸውን ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ጠባብ አካባቢ ውስጥ ብቻ የተወራ አዋጅ ሊያመልጣቸው ይችላል። እንዲሁም ራይፕስታት አንተ ስትጠይቀው ነው የሚመልሰው። በሌሊት መጥቶ አይቀሰቅስህም።

የሚቀሰቅሰው ቢጂፒአለርተር ነው። ኤንቲቲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው፣ ኮዱ ጊትሃብ በሚባለው የፕሮግራም ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። የራይፕን የቀጥታ መረጃ እየሰማ ይቀመጣል። ያልተለመደ ነገር ሲያይ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይጽፍልሃል። እኔ መሳቢያ ውስጥ በነበረ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ ሊኑክስ ጭኜ ነው የተከልኩት። ለአንድ ቁጥር ብዙ አቅም አይፈልግም።

ለተኛ ቁጥር ሲሆን አተካከሉ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፕሮግራሙ ሲጀምር የምታውጃቸውን አድራሻዎች ራሱ ፈልጎ ዝርዝር ያዘጋጃል። እኛ ግን ምንም አናውጅም። ስለዚህ ዝርዝሩን በእጄ ጻፍኩት። ኤኤስ ቁጥራችንን በሚጠበቁ ቁጥሮች ሥር አስገባሁት። 256ቱንም አድራሻ ጨመርኩ። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ አድራሻ በቁጥራችን ከታወጀ ይነግረኛል። አድራሻችን በሌላ ቁጥር ከታወጀም ይነግረኛል። የሙከራ ትዕዛዝም አለው፤ የውሸት አዋጅ እየፈጠረ ማስጠንቀቂያው ስልክህ መድረሱን ያሳይሃል። ይህን ሳታደርጉ እንዳትተኙ።

በታኅሣሥ አንድ ሌሊት፣ ውርጩ መስኮቱን ያነጣበት ሌሊት፣ ስልኬ ጮኸ። ሌሊት 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቁጥራችን የማናውቀውን አድራሻ እያወጀ ነው ይላል። ጋቢዬን ተከናንቤ ተነሳሁ። እውነቴን ነው፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። አድራሻው የማን እንደሆነ መዝገቡን አየሁ፤ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ድርጅት ነው። የድርጅቱን ኤኤስ ቁጥር አየሁ። ከእኛ ጋር የሚለየው በሁለት አሃዞች መገለባበጥ ብቻ ነው። የመንገዱን ሰንሰለት፣ ማለትም አዋጁ ያለፈባቸውን ኔትወርኮች ቁጥር ተርታ፣ ሳይ መጀመሪያ የእነሱ ትክክለኛ ቁጥር አለ፤ ከኋላው የእኛ ተሰክቷል። ገባኝ። ሌሎች በሌላ መስመር እንዲመጡላቸው መንገዱን ሆን ብለው ሊያስረዝሙ ቁጥራቸውን ሲደጋግሙ ጣታቸው ስቷል። ከ40 ደቂቃ በኋላ አረሙት፤ አዋጁ ጠፋ። ሌባ አልነበረም። ግን ሌባ ቢሆን ኖሮ በዚያው ሌሊት እናውቅ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የሚያውቅ ሰው አልነበረንም።

ድክመቱን ያየሁት በየካቲት ነው። መብራት አምስት ሰዓት ጠፋ፤ ላፕቶፑ ባትሪው አልቆ ተኛ። ፕሮግራሙ የሚሰማው የቀጥታ ወሬ ነው። ባልነበረበት ሰዓት ያለፈውን ተመልሶ አይሰማም። ጠባቂው መተኛቱን የሚነግርህም ሌላ ጠባቂ ካላዘጋጀህ በቀር የለም። ማስተካከያው ላይ ለዚሁ የሚሆን ቦታ አለው፤ እኔ ዘልዬው ነበር። አሁን መብራት በመጣ ቁጥር ራይፕስታት ገብቼ የጠፋውን ሰዓት ታሪክ አያለሁ። ሁለቱን አብራችሁ ያዙ የምለው ለዚህ ነው። አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ያስታውሳል።

ሁለቱም የማይሠሩልህን ሥራ ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ከሁሉም ያሳሰበኝ እሱ ነው። መዝገቡ ላይ የእኛ ተጠሪ ተብሎ የተጻፈው ኢሜይል የድሮ ድረ ገጻችን ስም ያለበት ነው። ስሙን ሳጣራ ዓመታዊ ክፍያው ስላልተከፈለ ለማንም ክፍት ሆኗል። ማንም ሰው በጥቂት ዶላር ገዝቶት፣ ያንን ኢሜይል ከፍቶ፣ «የድርጅቱ ተጠሪ እኔ ነኝ» ማለት ይችል ነበር። ራይፕስታት ኢሜይሉን ያሳይሃል እንጂ ስሙ ባለቤት እንደሌለው አይነግርህም። ቢጂፒአለርተር ጭራሽ ወደዚያ አያይም። የዚያኑ ቀን ከኪሴ ከፍዬ ስሙን መልሼ ያዝኩት። ጋሼ በማግስቱ ደረሰኙን ተቀብለው ከፈሉኝ። ተጠሪውን በደብዳቤና በማኅተም ለማስቀየር ግን ረጅም ጊዜ ወሰደ።

ሌላው አርፒኬአይ ነው። ይህ አድራሻ በዚህ ቁጥር ብቻ ይታወጅ ብለህ የምታስመዘግብበት ሥርዓት ነው፤ ማስረጃው ሮአ ይባላል። የቀድሞው ባልደረባ በቁጥራችን ሮአ አውጥቶ ነበር። ጥሩ ይመስላል። ግን ሌባው የእኛኑ ቁጥር መነሻ አስመስሎ ከጻፈ፣ አዋጁን የሚያጣሩት ራውተሮች (ትራፊክን በየመንገዱ የሚመሩት መሣሪያዎች) «ትክክል ነው» ብለው ያሳልፉታል። ለተኛ አድራሻ የሚሻለው ሮአው ላይ ኤኤስ 0 መጻፍ ነው። 0 የማንም ቁጥር ሊሆን አይችልም፤ ትርጉሙም ይህን አድራሻ ማንም አያውጅ ነው። የሚያጣሩ ኔትወርኮች ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አዋጅ ሁሉ ይጥላሉ። የማያጣሩት አሁንም ያሳልፋሉ፤ ስለዚህ ጥበቃው አይቀርም። እስክንጀምር ድረስ እንዲህ እናድርግ ብዬ ለአለቆቼ ጽፌያለሁ። ጋሼም ፈርመውበታል።

ቢጂፒአለርተር ላይ የምመኘው አንድ ነገር ነው። ለተኙ ቁጥሮች የተዘጋጀ አጭር አተካከል ቢኖረው፣ እንደ እኔ ፋይል በእጁ የሚጽፍ ሰው አይቸገርም ነበር። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው፤ ግልጽ ነው፤ ግን ብዙ ነገር የሚያውጁትን ሰዎች አስቦ የተጻፈ ነው። ያንን ያየሁ ጊዜ የራሴን ፋይል በአማርኛ ማብራሪያ አስቀመጥኩ። ከእኔ በኋላ ለሚመጣ ሠራተኛ አሮጌ ደረሰኝ ብቻ እንዲጠብቀው አልፈልግም።

ሸዋ ሮቢት የሚሠራ ጓደኛዬ ታሪኩን ሰምቶ የእሱ መሥሪያ ቤትም የተኛ ቁጥር እንዳለው አጣራ። ተስማማን። የእኔን ቁጥር እሱ ጋ፣ የእሱን እኔ ጋ ደግመን እንተክላለን። ደብረ ብርሃን መብራት ሲጠፋ እሱ ይሰማል፤ እሱ ጋ ሲጠፋ እኔ። ቅዳሜ ጠዋት ጣርማ በርን አልፌ እወርዳለሁ፤ ሁለተኛውን ላፕቶፕ ከወዲሁ ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።