የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስነት፦ በሪፈራል ሆስፒታል ወይስ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል?

የሥራ መደቡ ስም አንድ ቢሆንም፣ የሥራ ቦታው የነርሷን ድርሻ በእጅጉ ይለውጠዋል።

የሥራ ክፍፍል፦ እንደ ጥቁር አንበሳ ባለ የማስተማሪያ ሪፈራል ሆስፒታል ስክራብ ነርሷ (ታጥባ ከቀዶ ሐኪሙ ጎን የምትቆመው) መሣሪያ ታቀብላለች፤ ራነሯ (ወዲያ ወዲህ የምትለው ነርስ) የጎደለውን ታቀርባለች። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ግን፣ በተለይ እናት በሌሊት ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ስትገባ፣ መሣሪያውን በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ያመከነችው ነርስ ራሷ ጠረጴዛውን አሰናድታ፣ ታጥባና ጋውን ለብሳ ልትቆም ትችላለች።

ስጋት፦ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሆድ ውስጥ የተረሳ ነገር እንዳይቀር፣ ሆድ ከመዘጋቱ በፊት ጎዝ (ደም መምጠጫ ጨርቅ) እና መርፌ ሁለት ሰዎች እያዩ ድምፅ ወጥቶ መቆጠር አለበት። በትንሹ ሆስፒታል ቆጠራውን የሚፈታተነው የሰው እጥረት ነው። በትልቁ ደግሞ የማዕረግ ርቀት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስተዋወቀው የደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ ቢሞላም እንኳ፣ ነርሷ ከፍተኛውን ሐኪም «ቆጠራው አልገጠመም፣ ይቁም» ለማለት ካልደፈረች ቅጹ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ትምህርት፦ ሪፈራሉ በአንድ ዘርፍ ጠልቆ ለመሠልጠን ይመቻል፤ ትንሹ ሆስፒታል ሁለገብ ያደርጋል።

ስለዚህ በልብ ወይም በነርቭ ቀዶ ሕክምና ጠልቃ መሠልጠን የምትፈልግ ሪፈራሉን ትምረጥ። በራሷ መወሰን የለመደችና ከጥቂት ባልደረቦች ጋር ተግባብታ መሥራት የምትወድ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ትጠቀማለች፤ ለጀማሪ ግን፣ ልምድ ያላት ነርስ አብራት የማትመደብ ከሆነ፣ አልመክርም።