ለሸዋ በሩ የብየዳ ባለሙያ ምስጋና፣ መታጠቢያ ለምታሠሩም ጥቆማ

የደሴ ልጆች እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ በከተማችን በአንዱ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ላይ ነው የምሠራው። ዛሬ ግን ስለ ልደት ሰርተፍኬት አይደለም የምጽፈው፤ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ታገሡኝ፣ እመልሳለሁ። ሸዋ በር አካባቢ ብየዳ ቤት ያለው አንድ ወንድማችን ለመሥሪያ ቤታችን የሠራውን በአደባባይ ላመሰግን ነው። የእጅ መታጠቢያ የሚሠራ ሰው ፍለጋ ወዲያ ወዲህ የምትሉም አላችሁና በዚያው ልጠቁማችሁ። ስሙን ልጽፍ ብለው "ኸረ ተይ እቴ፣ ሥራው ይበቃል" አለኝ። እሺ ብያለሁ።

መጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር፣ ከዚያም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲመጣ፣ የእኛም በር ገርበብ ብሎ አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ይስተናገድ ጀመር። ሰው ግን መውለዱንም መሞቱንም አላቆመም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻና ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው፤ አስመዝጋቢው ቀርቦ ካልፈረመ ደግሞ በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ የለም። የአምስት ወሩ አዋጅ ሲያበቃ የተጠራቀመው ሁሉ መስከረም ላይ ተግተልትሎ መጣ። ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት ሰርተፍኬት የሚፈልገውም ወላጅ ተጨመረበት።

በሩን ሙሉ ለሙሉ ስንከፍት የነበረን መታጠቢያ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ብቻ ነው። ሁሉም ባልታጠበ እጁ ይከፍተዋል፣ ታጥቦ ሲጨርስ ያንኑ ቧንቧ ይዞ ይዘጋዋል። ታዲያ መታጠቡ ምን ፋይዳ አለው? ቀጥሎ አንድ ቦታ ያሠራነው በእግር የሚረገጥ ባለ ፔዳል ደግሞ ወር ሳይሞላው የፔዳሉ ሞላ (ስፕሪንጉ) ላላና ውሃው ሌት ተቀን ሲንጠባጠብ ከረመ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ግፍ ነው።

ይሄኛው ባለሙያ የተጠራ ቀን ሜትሩን ከኪሱ ሳያወጣ በራችን አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ረፋዱን ሙሉ የሚገባ የሚወጣውን ሲያይ ዋለ። ኃላፊያችን ሰዓቱን እያየ "ምነው፣ አትለካም እንዴ?" ቢለው፣ "ሰዉን ሳላይ ምኑን ልለካ ጋሼ?" አለው።

ያየው ነገር ሥራው ላይ በደንብ ይታወቃል። የመታጠቢያው ፔዳል ሁለት ነው፤ በግራ ሳሙናው፣ በቀኝ ውሃው። እግር ሲነሳ ውሃው ወዲያው ቀጥ ይላል። ኮንጎ ጫማ የተጫማ ገበሬ በዝናብ እንዳያዳልጠው ፔዳሉ ላይ የፌሮ ቁርጥራጭ በአግድም በይዶበታል። ግቢያችን ተዳፋት ስለሆነ (ደሴ ላይ ሜዳ የት ተገኝቶ!) እግሮቹ በቡሎን ከፍና ዝቅ ይላሉ። እጣቢው ድሮ መተላለፊያው ላይ ፈሶ ጭቃ ይሆን ነበር፤ አሁን በቱቦ ወርዶ ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ይገባል።

በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። ያን ረፋድ ምርኩዝ የያዙ አንድ ሽማግሌ መጥተው፣ በአሮጌው ፔዳል በአንድ እግር መቆም አቅቷቸው ሳይታጠቡ ገብተው ነበር። ማናችንም ልብ አላልንም። እሱ አይቷል። ሥራውን ሲያመጣ በጎን በኩል በክንድ ገፋ የሚደረግ ማንሻ ጨምሮበት መጣ፤ በውላችን ላይ ያልነበረ፣ ሒሳብም ያልጠየቀበት። ዛሬ አዛውንቱም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ ልጅ ያዘለችውም የሚጠቀሙት በዚያ ነው።

ሁለተኛው ሥራው መስኮታችን ነው። መስታወት አስገጥመን ከሥሩ ለወረቀት ማስገቢያ ክፍተት ትተን ነበር። ሰዉ ታዲያ ድምፁ አልሰማ ሲለው ጎንበስ እያለ አፉን ክፍተቱ ላይ ደቅኖ ያወራል፣ እኔም ከወዲህ ጎንበስ ብዬ እሰማለሁ! ትንፋሻችን ከበፊቱ ይልቅ ተቀራረበ ማለት ነው። እሱ ክፍተቱ ላይ ከላሜራ አጋደም ያለ ክዳን ሠራለት። ወረቀትና መታወቂያ ከሥር ሸርተት ብሎ ይገባል፣ አፍ ግን አይደርስም። አሁን ሰዉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል። አንዳንዴ የቤተሰቡን ጉዳይ ሰልፈኛው ሁሉ ይሰማበታል፤ ለዚህኛው ገና መላ አላገኘንም።

አግዳሚ ወንበሮቹንም አውጥቶ ግቢው ውስጥ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ተከላቸው፤ በተዘጋ ክፍል ታፍጎ ከመጠበቅ አየር ያለበት ቦታ ይሻላልና። በመሀል በመሀላቸው የብረት መከፋፈያ በይዶባቸዋል። ሁለት የአዋቂ እርምጃ ባይሞላም ያራርቃል። የወሎ ሰው መቼም ሳይተቃቀፍ ሰላም ማለት ሞቱ ነው፤ ብረቱ መሀል ሲገባ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "አብሽር" ብሎ ይቀመጣል።

ጥበቃችንንም ሳላነሳ አላልፍም፤ ማስክ ግዴታ በነበረ ጊዜ ያላደረገውን ሰው ሳያዋርድ ሲመልስ የነበረው እሱ ነው። የጽዳት ባልደረባችንም አለችልን። ባለ 5 በመቶውን በረኪና አንድ እጁን ከ49 እጅ ውሃ ጋር በጥብጣ የበር እጀታውን፣ እስክሪብቶውን፣ ወንበሩን ትወለውላለች። ሰው ላይ ርጪ ያሏትም ነበሩ፣ "ሰው እንደ ወለል አይታጠብም" ብላ እምቢ አለች። አበጀሽ!

ወደ ብየዳ ባለሙያችን ልመለስ። ጉድለቱንም ካልነገርኳችሁ ጥቆማ አይሆንም። ቀጠሮ ያሳልፋል። ማክሰኞ ካላችሁ ሐሙስ በሉት። ግራይንደሩ እየጮኸ ስልኩንም አይሰማም፣ ስለዚህ በአካል ሂዱ። መብራት በሄደ ቁጥርም ሥራው ይቆማል፣ ይሄ እንኳ የሱ ጥፋት አይደለም። ዋጋውን እዚህ የማልጽፈው ብረት በየጊዜው ስለሚጨምር ነው፤ ቀድሞ ግን የቱቦላሬውን፣ የላሜራውንና የእጁን ለየብቻ ጽፎ ይሰጣችኋል፣ በኋላ የሚጨምረው የለም።

በተለይ ትምህርት ቤቶች፦ በ2013 በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ይሁን ተብሎ ልጆቹ በፈረቃ ይገቡ ነበር፤ በፈረቃ ቢገቡም ባይገቡም ደወል ሲደወል ሁሉም እኩል ወደ መታጠቢያው ይሮጣል። አንድ ረጅም ከምታሠሩ አራርቃችሁ የምታቆሟቸው ሁለት ሦስት አሠሩ። ለትንንሾቹ የፔዳሉን ሞላ ለስለስ እንዲያደርግላችሁም ንገሩት፤ የአዋቂው ለልጅ እግር ይጠነክራል።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱም ቦታው ተዳፋት ይሁን ሜዳ፣ ውሃው በቧንቧ ይምጣ በጀሪካን አስቀድማችሁ እወቁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።