በጥምቀት ሰሞን «ለጋ ድንጉላ» ይዘው ለሚዞሩ ነጋዴዎች ባዝራችሁን አትስጡ

የወሎ ባለ ባዝራዎች፣ በተለይ ለጉግስና ለሽምጥ የምትሮጥ ባዝራ ያላችሁ፣ ለማስጠቂያ (ባዝራዋን ከወንድ ፈረስ ለማገናኘት) ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ጥምቀት ሲቃረብ ፈረሱ ሁሉ ተሽሞንሙኖ አደባባይ ይወጣል። ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) አስጠቂዎችም ያን ጊዜ ጠብቀው ይመጣሉ፤ ጥሩ ባዝራ ያለው ማን እንደሆነ በአንድ ቀን ያዩታል። የሚያቀርቡት ውል ተመሳሳይ ነው፦ ድንጉላው ለጋ ነው፣ ዘሩ የታወቀ ነው፣ ገንዘቡ ዛሬ ይከፈላል፣ ባዝራዋ ካልያዘች ጥፋቱ የባዝራዋ ነው። ይህን ውል አትቀበሉ።

ኪሳራው የማስጠቂያው ዋጋ ብቻ ቢሆን ባላሳሰበ። ባዝራ አሥራ አንድ ወር፣ በአማካይ 340 ቀን ያህል ትሸከማለች። ውርንጭላው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ኮርቻ ሊጫንበት አይገባም። ስለዚህ ድንጉላው መጥፎ መሆኑ የሚታወቀው አራት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አስጠቂው የት ይገኛል? በዚያ ላይ ያቺው ባዝራ ለስናር አህያ ብትሰጥ ኖሮ ገበያ የሚፈልጋት በቅሎ በወለደች ነበር።

መጀመሪያ ዕድሜውን አረጋግጡ። «አራት ዓመቱ ነው» የሚባለው ድንጉላ ሁለት እንኳ ያልሞላው ሊሆን ይችላል። ጥሩ ገብስ የበላ የሁለት ዓመት ፈረስ አንገቱ ደንድኖ፣ ደረቱ ሰፍቶ የደረሰ ይመስላል፤ ጥርሱ ግን አይዋሽም። ፈረሱን ባለቤቱ ይያዝላችሁ፣ እናንተ በጎኑ ቁሙና ከንፈሩን ገልጡ። ከላይ ስድስት፣ ከታች ስድስት የፊት ጥርስ ታያላችሁ። የወተት ጥርስ ትንሽና ነጭ ነው፤ ድዱ አጠገብ ሲደርስ ይቀጥናል። ቋሚው ጥርስ ሰፊ ነው፣ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ፊቱም ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሸንተረር አለው። መካከለኞቹ ሁለቱ በ2 ዓመት ተኩል አካባቢ ይቀየራሉ፣ አጠገባቸው ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፣ የዳርና የዳሩ በ4 ዓመት ተኩል። ወንዱ ደግሞ ከ4 እስከ 5 ዓመቱ ባለው ጊዜ ክራንቻ ያወጣል። ሁሉም የወተት ጥርስ ከሆኑ ፈረሱ ገና ሁለት ተኩል አልደፈነም፤ ሻጩ በፈለገው ይማል። መካከለኞቹ ብቻ ተቀይረው የዳሮቹ የወተት ከሆኑ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ተቃራኒው ማታለልም አለ፦ አሮጌ ፈረስ ጥርሱ ተቦርቡሮና ተቃጥሎ ወጣት እንዲመስል ይደረጋል። ይህን በላይኛው የዳር ጥርስ ትለዩታላችሁ። በ10 ዓመቱ ገደማ ከድዱ ሥር ቡናማ መስመር ብቅ ይልና በየዓመቱ ወደ ታች እየረዘመ ይሄዳል። ይህ መስመር ያለበት ፈረስ ለጋ አይደለም።

ዕድሜው ለምን ያሳስባል ብትሉ፣ ድንጉላ ከአንድ ዓመት ተኩል ጀምሮ ሊያስረግዝ ይችላል፤ ሙሉ አቅሙ ላይ የሚደርሰው ግን በ4 እና በ5 ዓመቱ ነው። የሁለት ዓመት ድንጉላ በሳምንት ከሁለት ወይም ከሦስት ባዝራ በላይ ሊሰጠው አይገባም። የሦስት ዓመቱ በቀን አንድ ቢበዛ፣ እሱም እያረፈ። በበዓል ሰሞን ግን አንዱን ለጋ በቀን አራትና አምስት ባዝራ ላይ ሲያወጡት ዓይናችሁ እያየ ነው። የወጣ ሁሉ ዘር ጣለ ማለት አይደለም። የመጀመሪያዋ ባዝራ ትይዝ ይሆናል፤ አራተኛዋና አምስተኛዋ ገንዘብ ከፍለው ባዶአቸውን ይመለሳሉ። «ዛሬ ስንተኛዋ ናት?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ለሻጩ ብቻ ሳይሆን ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ለቆሙት ልጆችም።

ሌላም ነገር አለ። የድንጉላ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ 57 ቀን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ከአንድ ወር በፊት ትኩሳት የያዘው ወይም ቆለጡ ቆስሎ ያበጠ ድንጉላ ዛሬ ድኖ ቢፈነጥዝም ዘሩ ገና ደካማ ሊሆን ይችላል። «ባለፉት ሁለት ወራት ታሞ ነበር? መድኃኒት ተወግቷል?» ብላችሁ በምስክር ፊት ጠይቁ።

ቆለጡንም ተመልከቱ። ሁለቱም ፍሬዎች ወርደው፣ ተቀራራቢ መጠን ይዘው፣ ሲዳሰሱ ጠንከር ብለው ግን ሳይደርቁ መገኘት አለባቸው። አንዱ ያልወረደ ድንጉላ ሊያስረግዝ ይችላል፤ ሻጩም «ምን ጎደለው?» የሚላችሁ ለዚህ ነው። ጉድለቱ ግን በዘር የሚተላለፍ በመሆኑ ወንድ ውርንጭላ ብታገኙ ያንኑ ይዞ ሊወለድ ይችላል፣ ሲኮላሽም ሆዱ መከፈት ሊያስፈልገው ይችላል። አንዱ ያልወረደውን ድንጉላ በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ከሁሉ የሚያስፈራው በሽታው ነው። ዱሪን የሚባል፣ በፈረስና በአህያ መካከል በግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ አለ። በአገራችን በተለይ በአርሲና በባሌ ደጋ እንዳለ በጥናት የታወቀ ነው። ከዚያ አካባቢ ተገዝቶ በገበያ በገበያ እየተሸጠ ወሎ የሚደርስ ድንጉላ ቢኖር የሚያጠቃት ባዝራ ሁሉ አደጋ ላይ ናት። ክትባት የለውም። ምልክቱ በወንዱ ላይ የብልቱና የብልቱ ሽፋን እብጠት፣ ፈሳሽ፣ በቆዳው ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ወጥቶ የሚጠፋ እብጠት፣ እያደር መክሳት፣ በመጨረሻም የኋላ እግር መንገዳገድ ነው። ችግሩ ብዙ ፈረስ ምንም ሳይታይበት በሽታውን ይዞ መዞሩ ነው። በዓይን አይቶ «ንጹሕ ነው» የሚልን ሰው አትመኑ። የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም ደም እንዲወስድለት ጠይቁ፤ ናሙናው ወደ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሊላክ ስለሚችልበት መንገድ ሐኪሙ ይነግራችኋል። ለምርመራ ጊዜ የማይሰጥ ሻጭ ካጋጠማችሁ ባዝራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በእግሩና በአንገቱ ቆዳ ሥር እንደ መቁጠሪያ የተሰካካ፣ ፈንድቶም መግል የሚያወጣ እባጭ ያለበትን ፈረስም አታስጠጉ፤ እሱ ሌላ ተላላፊ በሽታ ነው።

ወደ ዘሩ ወሬ እንምጣ። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል፣ እውነት ነው። ለዚህም ነው ዘር የሚጠራው ሰው በማስረጃ መያዝ ያለበት። በዓድዋ የዘመተው የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ በ1888 ዓ.ም. ስሙ የገነነ ነው፤ የራስ ሚካኤል የፈረስ ስም አባ ሻንቆ እንደነበረም ሁላችን እናውቃለን። ዛሬ ግን አንድ የሁለት ዓመት ድንጉላ አቁሞ «የአባ ሻንቆ ዘር ነው» የሚል ሰው መቶ ሠላሳ ዓመት የሚቆጥርበት መዝገብ የለውም። «የውጭ ደም አለው» የሚለውም እንዲሁ። በስልካችሁ የምታዩአቸው፣ በአሜሪካ ሦስት በርሜል እየዞሩ የሚሽቀዳደሙት ባዝራዎች በአብዛኛው ኳርተር ሆርስ የሚባለው ዝርያ ናቸው። እዚያ ማኅበሩ የድንጉላውን ዲኤንኤ መዝግቦ ካልያዘ የወለደውን ውርንጭላ አይመዘግብም። እውነተኛ የውጭ ደም ያለው ፈረስ እንዲህ ያለ ወረቀት ይኖረዋል፤ ማኅተሙ የደበዘዘ አንድ ገጽ ፎቶኮፒ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ለጋ ድንጉላ ገና ልጅ አልወለደም፣ ስለዚህ በልጆቹ ልትፈርዱ አትችሉም። ያላችሁ ማስረጃ እናቱ፣ አባቱና ወንድም እህቶቹ ናቸው። እናቱን በዓይናችሁ እዩ፣ ስትጋለብም እዩ። የእናት ወገን በዚህ ላይ ተንቆ ይታለፋል፣ ትልቅ ስህተት ነው፤ ውርንጭላው ከእናቱም ከአባቱም እኩል ይወስዳል፣ አያቱ እንከን ካላት እንከኗ በእናንተ ቤት ሊወጣ ይችላል። እግረ መንገዳችሁንም ድንጉላው የባዝራችሁ ወንድም ወይም ልጅ አለመሆኑን አጣሩ። በአንድ ቀበሌ አንድ ድንጉላ ለዓመታት ሲያስጠቃ ከቆየ ይህ የማይሆን ነገር አይደለም።

ፀጉር አያታልላችሁ። ዳማ ሆነ ጉራቻ፣ ግንባሩ ቦራ ሆነ አልሆነ፣ ለሩጫ የሚጨምረው ነገር የለም። በጉግስ ፈረስ የሚፈተነው በሽምጥ ወጥቶ፣ በቅጽበት ቆሞ፣ በኋላ እግሩ ላይ ተቀምጦ መዞሩ ነው። ስለዚህ ከኋላው ቁሙና ተመልከቱ። ታፋው ሞልቶ እስከ ታች የወረደ መሆን አለበት። የኋላ እግሮቹ መታጠፊያዎች እርስ በርስ የሚሳሳሙ ከሆነ ወይም እግሩ ከጎን ሲታይ ከመጠን በላይ የታጠፈ ከሆነ በድንገት ሲዞር ጫናው በዚያው መታጠፊያ ላይ ያርፋል፣ ቶሎም ያነክሳል። ወገቡ አጭርና ጠንካራ፣ የፊት እግሩ ቀጥ ያለ፣ አራቱም ኮቴዎች መጠናቸው የተቀራረበና ያልተሰነጠቁ ይሁኑ። የላይ ጥርሱ ከታችኛው አልፎ የሚንጠለጠል ፈረስ ሣር በደንብ አይግጥም፤ ይህም በዘር ሊወርድ የሚችል ጉድለት ነው። ከዚያ በደረቅና በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ አስነዱት። ሲያነክስ ራሱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ለስላሳ ሣር ላይ ብቻ የሚያሳያችሁ ሻጭ የሚደብቀው ነገር ይኖራል። ሰጋር ድንጉላ ለመንገድ ምቾት ይሰጣል፣ አረማመዱም በዘር ይወርዳል፤ ሽምጥ የምትፈልጉ ከሆነ ግን የምትፈልጉት እሱን አይደለም።

ባዝራችሁን ሳትመለከቱ ድንጉላ አትምረጡ። የእሷ ወገብ ረጅም ከሆነ ወገበ አጭር፣ ኮቴዋ ደካማ ከሆነ ኮቴው ብረት የሆነ ፈልጉላት። ሁለቱም አንድ ጉድለት ካላቸው ግን የትኛውም ዘር አያድናችሁም። «ትልቅ ድንጉላ ካስጠቃኋት ልትወልድ አትችልም» የሚለው ፍርሃት ብዙም መሠረት የለውም። በእንግሊዝ አገር በ1930ዎቹ ግዙፉን ሽየርና ድንክዬውን ሼትላንድ አዳቅለው ሲያዩ ውርንጭላው ሲወለድ መጠኑን በዋነኛነት የወሰነው የእናቲቱ ማኅፀን ነበር። ይህ ማለት ግን ትንሽ ባዝራ ከትልቅ ድንጉላ ትልቅ ፈረስ ታወጣለች ማለት አይደለም።

ጠባዩም ይታይ። ከሩቅ ባዝራ ሲያይ ቢያናፋና ቢነሳ ተፈጥሮው ነው። በልጓም ሲያዝ ግን መመለስ አለበት። ከንፈሩ የተንጠለጠለ፣ ዓይኑ የፈዘዘ፣ ብልቱ ወጥቶ ሳይነሳ የሚንጠለጠል ፈረስ ማደንዘዣ የተወጋ ሊሆን ይችላል፤ ነገ ተመልሳችሁ እዩት።

ወቅቱም የሚፈለገው ወቅት አይደለም። ጥር 11 የተጠቃች ባዝራ ወደ ታኅሣሥ አጋማሽ ትወልዳለች። በደላንታና በለጋምቦ ደጋ ያን ጊዜ ሌሊት ውርጭ ነው፣ ለምለም ሣርም የለም፣ ወተቷ ይጎድላል። ከነሐሴ እስከ መስከረም መጀመሪያ የምትጠቃዋ ግን ክረምቱን ግጣ ሥጋዋ ሞልቶ ትጠብቃለች፣ የምትወልደውም በሐምሌና በነሐሴ ሣሩ ባለበት ነው፤ ለውርንጭላው ከዝናብ የሚያስጠልል ደረቅ ጋጣ ብቻ አዘጋጁለት። ባዝራ በ21 ቀን ገደማ አንዴ ድራት (ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ) ትመጣለች፣ ድራቱም ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አንድ ቀን እየዘለላችሁ እምቢ እስክትል አስጠቁ። «አንድ ጊዜ ይበቃል» ብሎ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚሄደው ነጋዴ ድራቷ ገና የመጀመሪያው ቀን ላይ መሆኑን አይነግራችሁም።

ክፍያውን እንዲህ አድርጉ። ቀብድ ካስፈለገ ከጠቅላላው ከሩብ አይበልጥ። ሁለተኛው ክፍያ ሐኪም ከ45 ቀን በኋላ መርምሮ መያዟን ሲያረጋግጥ ይከፈል፣ የቀረው ውርንጭላው ተወልዶ፣ ቆሞ፣ ጡት ሲጠባ። ወረቀቱ ላይ የድንጉላው ፀጉርና ምልክት፣ በጥርስ የታየው ዕድሜ፣ የተጠቃችበት እያንዳንዱ ቀን፣ ካልያዘችም ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሚቀጥለው ድራት እንደገና እንደሚያስጠቃ ይጻፍ። ሦስት ምስክር ይፈርም፤ ከሦስቱ አንዱ የሻጩ አገር ሰው ቢሆን ይመረጣል፣ ሰውየው ሲጠፋ የት እንደሚፈለግ ያውቃልና። የፈረሱን ፎቶ በሁለቱም ጎን አንሱ።

ቀድማችሁ አስጠቅታችሁ ከሆነና ድንጉላው ካጠራጠራችሁ፣ ባዝራዋን ለሌላ ድንጉላም ለስናርም አትስጡ። በየሳምንቱ ከጭራዋ ሥር እብጠት፣ ፈሳሽ፣ የብልት ቆዳ ነጣ ማለት ይኑር አይኑር ተመልከቱ፤ የዱሪን ምልክት ከሳምንታት እስከ ወራት ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል። ምልክት ባይታይም ሐኪሙ ደሟን እንዲመረምር ጠይቁ፣ ያንኑ ድንጉላ ያስጠቁ ጎረቤቶቻችሁንም በስም እየጠራችሁ ዛሬውኑ ንገሯቸው።