ያ «9 ከ10» የተሰጠው ለሌላ ማሽን ነው

በእጅ ለሚያዝ ኮንሶል የወጣ ጌም መሸጫ ገጽ ላይ «9/10» የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ቆም በሉ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ አንጀት የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ሃያሲው በእርግጥ ዘጠኝ ሰጥቷል፣ የተጫወተው ጌምም ዘጠኝ ይገባዋል። ግን እሱ የተጫወተው በውድ ኮምፒውተር ወይም በአዲሱ ትልቅ ኮንሶል ነው። ለእናንተ የሚሸጠው ደግሞ ሌላ ቡድን በችኮላ ጨምቆ ያስገባው፣ ስሙ ብቻ አንድ የሆነ ዕቃ ነው።

አሠራራቸውን ታውቁታላችሁ። ጌሙ መጀመሪያ በትልልቆቹ ማሽኖች ይወጣና ሃያስያን ያወድሱታል። ወራት ቆይቶ የትንሿ ማሽን ቅጂ በሙሉ ዋጋ ይመጣል። ትሬለሩ (የማስታወቂያ ቪዲዮው) ላይ የድሮዎቹ ሙገሳዎች በትልልቅ ፊደል ይደረደራሉ፤ ምስሉ ከየትኛው ማሽን እንደተቀዳ የምትናገረው መስመር ግን ከታች ጥግ ላይ፣ ለዓይን በማይያዝ ፊደል ብልጭ ብላ ትጠፋለች። ለሃያስያን አስቀድሞ የሚላከው ኮፒም ለትንሿ ማሽን አይላክም፤ ከተላከም ሽያጩ በተከፈተ ዕለት ነው።

ከዚያ ያቺ ቅጽበት ትመጣለች። ከፍላችኋል፣ ስንትና ስንት ጊጋባይት አውርዳችኋል፣ የኩባንያዎቹ ዓርማዎች አልፈው የመግቢያው ታሪክ ይጀምራል። ያምራል! የሚያምረው አስቀድሞ ተቀርጾ የተቀመጠ ቪዲዮ ስለሆነ ነው፤ ማሽኑ እያሰላ የሚስለው አንዳች ነገር የለም፣ እንደማንኛውም ፊልም እያጫወተው ነው። «ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያጋንነው» የሚያሰኘው ይሄ ሰዓት ነው። ቪዲዮው ያልቅና ገጸ ባሕሪው በእጃችሁ ይገባል። ካሜራውን ለማዞር የቀኙን አናሎግ ትገፋላችሁ፤ ምስሉ ዘግይቶ ይከተላል። ግድግዳው ጭቃ የተለቀለቀ ይመስልና ቆይቶ ጡቡ ብቅ ይላል። መንገደኞች አፍንጫችሁ ሥር ከባዶ አየር ይፈጠራሉ። ጠላት ሲበዛ በሰከንድ 30 ነው የተባለው ፍሬም (ተከታታይ ምስል) ወደ 20 ይወርዳል። ይህ ማለት በ33 ሚሊሰከንድ መቀየር የነበረበት ምስል 50 ሚሊሰከንድ ፈጀ ማለት ነው፤ የመከላከያውን ቁልፍ በሰዓቱ ተጭናችሁም ትመታላችሁ። የምናሌው ጽሑፍ ለሳሎን ቴሌቪዥን የተለካ ስለሆነ በትንሿ ስክሪን ላይ አይነበብም። በመጨረሻ ሁሉም ነገር ስታክ ያደርግና፣ ድምፁ ተንተባትቦ፣ ጌሙ ራሱን ዘግቶ ወደ መነሻው ገጽ ይመልሳችኋል።

ገንዘባችሁን ስትጠይቁ የሚመጣው መልስ ደግሞ ከጌሙ ይብሳል። ኮንሶሉን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ጌሙን ሰርዛችሁ እንደገና ጫኑት። ደግሞ መጫን ፍሬም የሚጨምር ይመስል! ሁለቱንም አድርጋችሁ ስትመለሱ፣ ዕቃው በተገለጸው መሠረት እየሠራ ስለሆነ ተመላሽ የለም ይሏችኋል፤ ከታች «ስላነጋገሩን እናመሰግናለን» ተጨምሮበት። በፕሌይስቴሽን ሱቅ የ14 ቀን የመመለስ መብት አለ፤ ማውረድ ከጀመራችሁ ግን፣ ዕቃው ብልሹ ነው ካልተባለ በቀር፣ ያበቃል። ጌሙ መጎተቱን ሳያወርዱ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረን። ስቲም ከሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ የሚገዛ ሰው እንኳ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወተ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ይችላል።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? በእጅ የሚያዘው የመጀመሪያው ኔንቲንዶ ስዊች ያለው ሜሞሪ 4 ጊጋባይት ነው፤ የፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ 16። በዚያ ላይ ስዊች ከቴሌቪዥን ጋር ከሚያገናኘው ማቆሚያው ሲነሳ ባትሪ ለመቆጠብ የግራፊክስ ቺፑን ፍጥነት ይቀንሳል፤ የራሱ ስክሪንም ጥራቱ ዝቅ ያለ፣ 720ፒ ነው። ስለዚህ ጌሙን የሚያሸጋግረው ቡድን ጥላውን ይቀንሳል፣ የሩቁን ዕቃ ያጠፋል፣ የገጽታ ምስሎቹን ያሳንሳል፣ ትዕይንቱ ሲከብድ ጥራቱ በራሱ እንዲወርድ ያደርጋል። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም። በ2019 ዊቸር 3ን ከነተጨማሪ ታሪኮቹ በአንድ 32 ጊጋባይት ካርድ አስገብተው ለስዊች ያወጡት ሰዎች ምስሉ ቢደበዝዝም የሚያጫውት ሥራ ሠርተዋል። ጊዜና ባለሙያ ከተሰጠው ይቻላል ማለት ነው። በመስከረም 2023 የወጣው ሞርታል ኮምባት 1 ግን በትልልቆቹ ኮንሶሎች ጥሩ ነጥብ ሲያገኝ፣ የስዊች ቅጂው በፊቶቹ ገጽታና በረጅም ሎዲንጉ መሳቂያ ሆነ። ዋጋው ያው እንደ ትልልቆቹ 70 ዶላር ነበር።

(ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ትልቅ ኮንሶል ያላችሁም አትኩራሩ። ሳይበርፐንክ 2077ን አስታውሱ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2020 ለሽያጭ ቀረበ፤ የዝምታው ቀነ ገደብ (ሃያስያን እስኪደርስ ግምገማቸውን እንዳያወጡ የሚከለከሉበት) የተነሳው ግን ከሦስት ቀን በፊት ነበር። ለሃያስያን የተላከው የኮምፒውተር ቅጂ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ራሳቸው የቀረጹትን ቪዲዮ ሳይሆን ኩባንያው ያዘጋጀውን እንዲያሳዩ ተገደዱ። ነጥቡ የሃያስያንን ነጥብ ሰብስቦ አማካዩን በሚያወጣው ድረ ገጽ፣ በሜታክሪቲክ፣ 90 ገደማ ሆኖ ሰነበተ። የኩባንያው ኃላፊዎችም በኅዳር ለባለሀብቶች ሲናገሩ በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች የሚገርም ጥሩ አሠራር እንዳለው አስረግጠው ነበር። በዚያ ቁጥር የተማመነ የፕሌይስቴሽን 4 ባለቤት ጌሙን ሲከፍት ከተማው በአሮጌው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ፍጥነት ተጭኖ አያልቅም፣ መኪናው ጎዳና ላይ እያለ አስፋልቱ ገና ይሳላል፣ ጌሙ በየመሃሉ ይዘጋል። የዚያ ቅጂ የሃያስያን ነጥብ በኋላ 57 ሆነ። ያው ጌም፣ ያው ስም! ኩባንያው በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች ላይ አስቀድሞ ማሳየት እንደነበረበት አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒም በሳምንቱ ከሱቁ አወጣው፣ እስከ ሰኔ 2021 አልመለሰውም። ከሽያጭ በፊት የከፈሉት ግን ስምንት ሚሊዮን ነበሩ።

የዝምታው ቀነ ገደብ ራሱ ብዙ ይናገራል። አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ ኅዳር 11 ቀን 2014 አሜሪካ ውስጥ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ሲሸጥ፣ ሃያስያን እንዲናገሩ የተፈቀደላቸው በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ገዢው ብቻውን በጨለማ።

ሌላም አለ፤ ነጥቡ ከተሰጠ በኋላ ጌሙን የሚቀይሩት። በሰኔ 2019 የወጣው ክራሽ ቲም ሬሲንግ ኒትሮ ፊውልድ ሲገመገም በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ ሳንቲም አልነበረውም፤ ወር ከምናምን ሳይቆይ አስገቡት። ግራን ቱሪስሞ 7 በመጋቢት 2022 ከተሞገሰ ከሳምንታት በኋላ በአንድ አፕዴት የውድድር ሽልማቱን ቀነሱት፤ በዚያው አፕዴት ሰርቨሩ ከ30 ሰዓት በላይ ተዘጋ፣ አብዛኛው የጌሙ ክፍልም ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። የሃያስያኑ ነጥብ ግን እዚያው እንደተሰቀለ ነው። አፕዴት ያበላሸውን ተመልሶ የሚገመግመው ጥቂት ነው።

እንግዲህ ሜታክሪቲክ ላይ ስትገቡ የጌሙን ስም ሳይሆን የማሽናችሁን ገጽ ክፈቱ፤ ነጥቡ በየማሽኑ ለየብቻ ነው የሚወጣው። ቢያንስ አራት ግምገማ ካልተሰበሰበ ጭራሽ ነጥብ አይወጣም፤ ባዶ ከሆነ ኮፒ አልላኩም ማለት ሊሆን ስለሚችል ጠብቁ። ግምገማው ውስጥ «በእጅ ይዤ» የሚል ቃል ፈልጉ፤ በማቆሚያው ላይ ብቻ የተጫወተ ሃያሲ አይጠቅማችሁም። ከትሬለር ይልቅ በእናንተው ማሽን የተቀረጸ፣ ያልተቆረጠ የውጊያ ቪዲዮ እዩ። ከመውጣቱ በፊት አትክፈሉ። የነጻ ሙከራ ካለ መጀመሪያ እሱን አውርዱ። የግድ ከገዛችሁ ደግሞ ካርዱን ወይም ዲስኩን ግዙ፤ ቢበላሽ ለሌላ ሰው መሸጥ ይቻላል። ሳጥኑን ግን አገላብጣችሁ አንብቡ፤ በስዊች 2 ላይ የሚሸጡ አንዳንድ ካርዶች ውስጣቸው ጌሙ የለም፣ ለማውረድ የሚያስችል ቁልፍ ብቻ ነው ያለው።