ሱሉልታ ላይ ያገኘሁት ጋራዥ

ከምስጋናው በፊት ቅሬታዬን ላስቀድም። ለዕረፍት ስመጣ የምነዳው የወንድሜ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ የሞተር ምልክት ያለበትን ቢጫ መብራት አብርቶ ቤንዚን ያለ ልክ መጠጣት ጀመረ። ወለሉ የሚያብረቀርቅ፣ ለእንግዳ ቡና የሚያቀርብ የመሐል ከተማ ጋራዥ ወሰድኩት። ኮምፒውተር ሰክተው የብልሽቱን ኮድ አነበቡና ሁለቱም የኦክስጅን ሴንሰሮች ይለወጡ አሉ። እግረ መንገዳችንን መርዛማውን ጭስ የሚያጣራውን ካታሊስትም ፈልፍለን ባዶ እናድርገው ሲሉ እምቢ አልኩ። ምክንያቱን ብጠይቅ «ከፍታው ነው» ተባልኩ፤ መኪናው ዕድሜውን ሙሉ አዲስ አበባ የኖረ መሆኑን ረስተውታል መሰለኝ። መብራቱን አጥፍተው፣ የምርመራ ሒሳብ ተቀብለው ሸኙኝ። ከአዲሱ ገበያ ዳገቱን ወጥቼ ሱሉልታ ሳልገባ መብራቱ ተመልሶ በራ።

ያረፍኩት እህቴ ዘንድ ነበርና እሷ የጠቆመችኝ ጋራዥ ከጎጃም መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። መቀመጫ የለውም፤ ዝናብ ከጣለ ጭቃው አያስገባም። ባለቤቱ ወጣት ነው። የእሱም ኮምፒውተር ያነበበው ያንኑ ኮድ፣ ፒ 0135ን ነው። «ጋሼ፣ ኮዱ ሰፈሩን እንጂ ቤቱን አያሳይም» አለኝ።

ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። ሴንሰሩ ጭስ ማውጫው ላይ ተቀምጦ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ይለካል፤ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ካልሞቀ ግን በቅጡ አይሠራም። ስለዚህ ውስጡ ማሞቂያ አለው። ማሞቂያው ሲሞት የሞተሩ ኮምፒውተር የሴንሰሩን መልእክት በጊዜ ስለማያገኝ ነዳጁን በግምት ይረጫል። ኮዱ የሚከሰው የፊተኛውን ሴንሰር የማሞቂያ መስመር ነው፤ ጥፋቱ የፊውዙ፣ የሽቦው ወይም የሴንሰሩ የራሱ ሊሆን ይችላል። ከካታሊስቱ በኋላ ያለው የኋለኛው ሴንሰርማ ስሙም አልተነሳ።

ከዚያ መለካት ጀመረ። ፊውዙ ደህና ነው። የሴንሰሩን ሶኬት ነቅሎ ተመሳሳይ ቀለም ባላቸው ሁለት ሽቦዎች ላይ ቴስተሩን አሳረፈ፤ ጤነኛ ማሞቂያ ጥቂት ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም ማሳየት ሲገባው ይሄኛው ምንም አላነበበም፤ ውስጡ ተበጥሷል። ቁልፍ ከፍቶ ከመኪናው በኩል ሲለካ የባትሪው ቮልት በትክክል ይደርሳል። የመለዋወጫ ስም ያነሳው ይህን ሁሉ ካጣራ በኋላ ነው።

ዕቃውን እንድገዛ የላከኝ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ባለሱቁ አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ካላየሁ አልሸጥም ማለቱን ወድጄለታለሁ። ያገለገለ፣ ርካሽ ቅጂና የጃፓን ኦሪጅናል ደረደረልኝ፤ ሶኬቱ ሳይቆረጥ የሚገጥመውን ኦሪጅናል ወሰድኩ። ዋጋው ያማል፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያም እዚያው ተለጥፏል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ግን አሮጌውን ጠግኖ መያዝ ግድ ሆኗል።

አሮጌው ሴንሰር የተፈታው ሞተሩ ለብ ብሎ፣ ጥርሱ ዘይት ጠጥቶ፣ ሽቦውን እንዲያሳልፍ ጎኑ በተሰነጠቀ ባለ 22 ቁልፍ ነው። ረዳቱ አዲሱን ሲያወጣ ጫፉን በቅባት እጁ ሊይዘው ሲል አለቃው ጮኸበት። ከተገጠመ በኋላ ስክሪኑን አዞረልኝ፦ የፊተኛው ቮልት ከ0.1 እስከ 0.9 ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የኋለኛው ግን ረግቶ ተቀምጧል። የኋለኛው እንዲህ መርጋቱ ካታሊስቱ ገና እንደሚሠራ ያሳያል አለኝ። ያ ባዶ ሊያደርጉት የነበረው ካታሊስት ማለት ነው!

የእጅ ዋጋው ከመሐል ከተማው የምርመራ ሒሳብ ያነሰ ነው፤ በቴሌብር ከፈልኩ። አሮጌውንም ሴንሰር ሳልጠይቅ አስረከበኝ። ደረሰኝ ግን ካልጠየቁ አይሰጥም። የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ድረሱ፤ ከምሳ በኋላ የጎጃም መስመር የጭነት መኪናዎች ግቢውን ስለሚሞሉት አነስተኛ መኪና ተራ አያገኝም።