የካምፐር ፍሳሽ፦ ወፍራም ቱቦ፣ ፓምፕ፣ ካሴት ወይስ ደረቅ ሽንት ቤት?

ካምፐር፣ ማለትም አልጋና ሽንት ቤት ያለው የጉዞ መኪና፣ ሊገዛ የተነሳ ሰው ስለ አልጋው፣ ስለ ሶላሩና ስለ ፍሪጁ ቀኑን ሙሉ ቢያወራ አይሰለቸውም። ፍሳሹ ጋ ሲደርስ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለሽንት ቤቱ ጥሩ ኬሚካል የቱ ነው?" ይልና ያልፋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ መልሼ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የት ነው የምትደፋው? በስንት ቀን አንዴ? እነዚህ ከተመለሱ ምርጫው ግማሽ በግማሽ አለቀ ማለት ነው። ኬሚካሉ መጨረሻ ላይ ይታሰባል።

ለጀማሪ ባጭሩ፦ ትልልቆቹ ካምፐሮች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ታንከር አላቸው። አንዱ የንጹህ ውሃ ነው። ሁለተኛው "ግራጫ" ይባላል፤ ከሻወርና ከዕቃ ማጠቢያ የሚወርደውን ይይዛል። ሦስተኛው "ጥቁሩ" ነው፤ የሽንት ቤቱ። እዚህ የማወዳድረው በዋናነት የጥቁሩን ነገር ነው። ግራጫውን ግን አትናቁት፤ ቶሎ የሚሞላው እሱ ነው።

ቋሚ ታንከር ወይስ ካሴት

ቋሚ ታንከር ከወለሉ ስር ተገጥሞ የሚቀር ነው። መጠኑ እንደ መኪናው ይለያያል፤ 100 ወይም 150 ሊትር የሚይዝ ብርቅ አይደለም። ካሴት ደግሞ ከሽንት ቤቱ ስር፣ በመኪናው ጎን ባለች ትንሽ በር በኩል ተስቦ የሚወጣ ሳጥን ነው። ቴትፎርድና ዶሜቲክ የተባሉት ኩባንያዎች ከሚሠሯቸው ብዙዎቹ ከ17 እስከ 20 ሊትር ገደማ ይይዛሉ። ለሁለት ሰው ቢበዛ ሁለት ሦስት ቀን ነው።

ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ቋሚውን ይመርጣል። ግን ቋሚውን ለመድፋት መኪናው ራሱ ማራገፊያው፣ ማለትም ፍሳሽ የሚደፋበት ቦታ፣ ድረስ መሄድ አለበት። የዘረጋችሁት ጥላ ይታጠፋል፣ ወንበር ይሰበሰባል፣ ፍሪጁ ይቆለፋል። ካሴቱን ግን ይዞ መሄድ ነው። ሙሉው 20 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። አብዛኞቹ ጎማና መጎተቻ እጀታ አላቸው፤ ደረጃ ሲመጣ ግን ጎማው ዋጋ የለውም።

ካሴት ስትደፉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ላዩ ላይ አየር የሚያስገባ ቁልፍ አለ። መድፊያ አንገቱን ወደ ታች ካዞራችሁ በኋላ እሱን በአውራ ጣት ተጭናችሁ ያዙ። ያኔ ፍሳሹ ዝም ብሎ ይወርዳል። ካልተጫነ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፤ የሚያርፈውም ጫማችሁ ላይ ነው። ካሴት የሚጠሉ ብዙ ሰዎች ይህን ቁልፍ የማያውቁ ናቸው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው፣ በትንሽ ቫን፣ ካሴት ይሻላል ባይ ነኝ። ትርፍ ካሴት ከገዛችሁ ደግሞ ቀኑ እጥፍ ይሆናል። አራት ሰው ላለበት ቤተሰብ ግን ካሴት ማለት በየቀኑ መመላለስ ነው። አትሞክሩት።

ቋሚ ታንከር ከመረጣችሁ፦ ወፍራም ቱቦ ወይስ ፓምፕ

ቋሚ ታንከር የሚራገፈው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ክብደት ነው። 3 ኢንች ስፋት ያለው፣ ማለትም 7.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ተጣጣፊ ቱቦ ይገጠማል። ሌላው ጫፍ መሬት ላይ ካለው ቀዳዳ ይገባል። ቫልቩ ይሳባል፣ በቃ። ሞተር የለው፣ ባትሪ አይፈልግ። በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሳል።

የሚፈልገው ቁልቁለት ብቻ ነው። ቀዳዳው ከመኪናው መውጫ ከፍ ካለ ወይም ቱቦው መሃል ላይ ከሰመጠ ፍሳሹ እዚያው ይተኛል። እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋው የቱቦ መደገፊያ የሚሸጠው ለዚህ ነው። ጌጥ አይደለም፣ ግዙት።

በቱቦ ላይ ግን አትቆጥቡ። ቀጭኑ ቪኒል ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፣ ሲረገጥ ይሰነጠቃል፣ እንደ መርፌ ያለች ቀዳዳ ያበጃል። ቀዳዳዋ የምትገኘው ደግሞ ፍሳሹ እየወረደ ሳለ ነው። ቲፒኢ ከሚባለው ጎማ መሰል ፕላስቲክ የተሠራው ወፍራም ቱቦ ይከብዳል፣ ለማስቀመጥም ቦታ ይበላል፤ ግን ይቆያል። ጫፉ ላይ ግልጽ ክርን፣ የቧንቧ ሠራተኞች ጎሚቶ የሚሉት ዓይነት፣ ያለውን ምረጡ። በእሱ በኩል የሚያልፈው ይታያል። መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ፣ ቀጥሎ እየሳሳ የሚሄድ ቢጫ፣ ከዚያ ጠብታ። ግራጫው ሲከፈት አረፋ ያለበት ነጣ ያለ ውሃ ይመጣል። መቼ እንዳለቀ በግምት አትሠሩም።

ቅደም ተከተሉ ሁሌም ጥቁሩ በፊት፣ ግራጫው በኋላ ነው። የሳሙናው ውሃ ቱቦውን አጥቦላችሁ ይወርዳል።

ከመሳባችሁ በፊት የቱቦው መንጠቆዎች ቀጭ ብለው መግባታቸውን በእጃችሁ ነቅንቁና አረጋግጡ። እኔ አንድ ጊዜ አንደኛው መንጠቆ ብቻ ይዞ ቫልቩን ሳብኩት። ቫልቩን መልሼ እስክዘጋ የፈጀብኝ ጊዜ ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ሦስት ሰከንድ በ3 ኢንች ቱቦ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ፓምፑ። ማሴሬተር ይባላል። እንደ ብሌንደር የሚፈጭ ምላጭ አለው፤ ፈጭቶ በ1 ኢንች ቱቦ ወይም በተራ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይገፋል። በመኪናው 12 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ሩቅ ይሄዳል፣ ዳገትም ይወጣል። መኪናውን ቤታችሁ አቁማችሁ ፍሳሹን ከራቀ ወይም ከፍ ካለ የሽንት ቤት መስመር ማድረስ ካለባችሁ ወፍራሙ ቱቦ አይረዳችሁም፤ ፓምፑ ነው መፍትሔው። ቱቦውም ቀጭን ስለሆነ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ግን አመል አለው። ደረቁን ከሠራ የውስጡ የጎማ ክፍል ይቃጠላል፤ ስለዚህ ታንከሩ ሲያልቅ አጠገቡ ቆሞ ማጥፋት ያስፈልጋል። ድምፁ ይቀየራል፤ ከወፍራም ጉርምርምታ ወደ ቀጭን ጩኸት ይሄዳል። እርጥብ መጥረጊያ፣ የጥርስ ክር፣ ፀጉር ከገባበት ይታነቃል። ሲታነቅ የሚፈታው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በተጨማሪ ቱቦው ወደ ላይ የወጣ ከሆነ ፓምፑ ሲቆም ውስጡ የቀረው ተመልሶ ይወርዳል። ጫፉን ከመፍታታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

የኔ ፍርድ፦ ማራገፊያ ባለበት ካምፕ የምታርፉ ከሆነ ወፍራሙ ቱቦ ይበቃል። ቤት የምትደፉ ከሆነ ፓምፕ ግዙ፣ ግን ወፍራሙን ቱቦ አትጣሉ። ፓምፑ እምቢ ያለ ቀን ያስፈልጋል።

ጎማ ያለው ተጎታች ታንከር

መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ፍሳሹን ቀድቶ መውሰጃ ነው። ከ60 ሊትር ገደማ እስከ 150 ሊትር የሚሆኑ አሉ። ባለ ሁለት ጎማው ረክሶ ይገኛል፤ ግን ክብደቱ ክንዳችሁ ላይ ነው። ባለ አራት ጎማው በራሱ ይቆማል። 100 ሊትር ፍሳሽ ማለት 100 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ የምትገዙት መጎተት የምትችሉትን እንጂ ታንከራችሁን የሚያክለውን አይደለም። አሞላሉ ላይ ተጠንቀቁ። ሲሞላ በራሱ አይቆምም፤ የአየር መውጫ ክዳኑ ተከፍቶ፣ አንድ ሰው እያየ፣ ሌላው ቫልቩ ላይ ሆኖ ነው።

ደረቅ ሽንት ቤት

ይህኛው ሽንትና ሰገራን ይለያል። ሽንቱ ከፊት ወዳለው ዕቃ ይሄዳል፣ ሰገራው ከኮኮናት ቃጫ ወይም ከመሰል ነገር ጋር ይቀላቀላል። ትንሽ ፋን እርጥበቱን ወደ ውጭ ታወጣለች። የሚሸተው በዋናነት ሁለቱ ሲቀላቀሉ ስለሆነ፣ በትክክል ከተያዘ ከሚጠበቀው በታች ነው የሚሸተው። ውሃ አይበላም። ከሥልጣኔ ርቀው ለሚሰነብቱ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሻጮች በለሆሳስ የሚያልፉት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የሽንቱ ዕቃ ለሁለት ሰው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይደፋል። "ለሳምንታት አትነኩትም" የሚባለው ለሰገራው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ከሳጥኑ የሚወጣው ነገር ገና ብስባሽ ማዳበሪያ አልሆነም። ለዚያ ወራት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ጀርሙ አለ። አትክልት ስር አይደፋም። ሌላው ደግሞ፣ ደረቅ ሽንት ቤት የሚያስቀርላችሁ ጥቁሩን ታንከር ብቻ ነው። ግራጫው አሁንም አለ፣ አሁንም ማራገፊያ ይፈልጋል።

ኬሚካሉስ?

ትልቁ ኬሚካል ውሃ ነው። ታንከር የሚሸተውና የሚደፈነው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ሲያንሰው ነው። ከደፋችሁ በኋላ ጥቁሩ ታንከር ውስጥ ጥቂት ሊትር ውሃ መልሱ፤ ታቹ እንዲሸፈን። ሽንት ቤቱን ስትጠቀሙም ውሃ አትሰስቱ።

ካምፕ ውስጥ የፍሳሽ መስመር ስላለ ብቻ የጥቁሩን ቫልቭ ክፍት ትቶ መቀመጥ ደግሞ የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው። ፈሳሹ ይወርዳል፣ ጠጣሩ ይቀራል። ቀስ በቀስ ከሽንት ቤቱ ቀዳዳ ስር ቁልል ይሠራል፣ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ቫልቩ ይዘጋ፣ ታንከሩ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሙላ፣ ከዚያ ይለቀቅ። ጠጣሩን ጠርጎ የሚወስደው የውሃው ግፊት ነው።

ወደ ጠርሙሶቹ ስንመጣ በጥቅሉ ሁለት ወገን ናቸው። ፎርማልዴሃይድና መሰሎቹ ያሉባቸው ባክቴሪያውን ገድለው ሽታውን ያቆማሉ። ፈጣን ናቸው፤ ግን ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም ፍሳሹን በባክቴሪያ የሚያብላላ የመሬት ውስጥ ጉድጓድ፣ ውስጥ ሲገቡ እዚያ የሚሠሩትንም ባክቴሪያዎች ይገድላሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የካምፐር ባለቤቶች እንዲርቋቸው ከመከራቸው ኬሚካሎች አንዱ ይኸው ፎርማልዴሃይድ ነው። ብዙ ካምፖች የሚጠቀሙት ሴፕቲክ ታንክ ስለሆነ እኔ አልገዛውም። ሁለተኛው ወገን ኢንዛይምና ባክቴሪያ ያለበት ነው። ሰገራንና ሶፍትን ይሰባብራል። ውሃና ጊዜ ይፈልጋል፣ ብርድ ላይ ይሰንፋል። ዛሬ ጨምራችሁ ነገ ተአምር አትጠብቁ።

በረኪና ጥቁሩ ታንከር ውስጥ አታፍስሱ። ከሽንት ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይፈጥራል፤ ሳንባ ይጎዳል። በረዶ ጨምሮ እየነዱ ታንከር ማጠብ የሚባለው ዘዴ ደግሞ ጉዳት የለውም፣ ጥቅምም አላየሁበትም። በረዶው ይንሳፈፋል፣ ይቀልጣል።

ሶፍቱን ለመምረጥ "ለካምፐር" የሚል ጽሑፍ አያስፈልግም። ጥቂቱን ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ ከውሃ ጋር አድርጋችሁ ነቅንቁት። ከተበታተነ ይሆናል። ቁርጥራጩ እንዳለ ከቀረ አይሆንም።

ማጠቢያውና ጠቋሚው

አንዳንድ ካምፐር ታንከሩ ውስጥ የተገጠመ ውሃ የሚረጭ አፍንጫ አለው። ከውጭ ጎማ ሰክቶ መክፈት ነው። ምቹ ነው፤ ግን ቫልቩ ተዘግቶ ውሃውን ከፍተው ሻይ ሊያፈሉ የሄዱ ሰዎች ታንከራቸው ሞልቶ ቤታቸው ውስጥ ፈሷል። ይህ ከሌላችሁ በሽንት ቤቱ ቀዳዳ የሚገባ የሚረጭ ዘንግ ርካሽ ነው፤ ቁልሉን በቀጥታ ስለሚመታ እንዲያውም የተሻለ ይሠራል። በየትኛውም ብትጠቀሙ የማጠቢያው ጎማ ሌላ፣ የመጠጥ ውሃው ጎማ ሌላ ይሁን። ቀለማቸው ቢለያይ ይመረጣል። በአንድ ሳጥንም አታስቀምጧቸው።

ታንከሩ ምን ያህል እንደሞላ የሚያሳየው መብራት ብዙ ጊዜ ይዋሻል። ታንከሩ ውስጥ የገቡት የብረት ጫፎች ላይ ሶፍት ስለሚለጠፍ ባዶውን ሙሉ ይላል። ከውጭ ታንከሩ ላይ የሚለጠፈው ጠቋሚ ፍሳሹን ስለማይነካ ይህ ችግር የለበትም። ታንከራችሁ እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ካለ መቀየሩ ዋጋ አለው። ካልሆነ ቀን ቁጠሩ፤ ያ ነጻ ነው።

ያገለገለ ካምፐር ስትገዙ

ሻጩ "ታንከሩ ንጹህ ነው" ይላችኋል። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ የሽንት ቤቱን መርገጫ ተጭናችሁ ወደ ታች እዩ። የውሃ ገጽ ወይም ባዶ ወለል ካያችሁ ደህና ነው። ቁልል ካያችሁ ዋጋው ላይ የምትነጋገሩበት ነገር አገኛችሁ። ከዚያ ሽንት ቤቱ ሳህን ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርጋችሁ ሩብ ሰዓት ቆዩ፤ ውሃው ከጠፋ የታችኛው ጎማ ማሸጊያ ደርቋል፣ ሽታ የሚገባውም በዚያ ነው። በመጨረሻ ሁለቱም ታንከሮች ላይ ንጹህ ውሃ ጨምሩ፣ ቫልቮቹን ዝጉ፣ ከዚያ ከውጭ ያለውን የመውጫ ክዳን ክፈቱ። ከስሩ ባልዲ አድርጉ። ቆሞ የሚንጠባጠብ ካለ ቫልቩ አይዘጋም። ክዳኑን ስትከፍቱ ጓንት አድርጉ፣ ፊት ለፊቱም አትቁሙ።