ስለ ትንሿ ባትሪ ማንም አልነገረኝም

ኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ መኪናውን ስለሚነዳው ትልቁ ባትሪ ነው። ስንት ዓመት ይቆያል? ሲደክም ምን ልታደርግ ነው? ትልቁ ባትሪ እስካሁን አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ጉድ የሠራችኝ ትንሿ ናት። አዎ፣ የቤንዚን መኪና ኮፈን ሥር የምናውቃት ያቺው የ12 ቮልት ባትሪ።

ማታ ደህና አቁሜው የገባሁት መኪና ጠዋት በሩን አልከፍትም አለ። የሪሞቱን ቁልፍ ብጫን ጭጭ። በስልኬ ብሞክር ጭጭ። ሪሞቱ ውስጥ የተሸሸገችውን የብረት ቁልፍ መዝዤ እንደምንም ገባሁ። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፍቷል። ትልቁን ባትሪ ማታ ሞልቼዋለሁ እኮ! ቻርጀሩን ብሰካውም አልቀበልም አለ።

ምክንያቱን በኋላ መካኒኩ አስረዳኝ። ትልቁ ባትሪ የሚይዘው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ስለዚህ መኪናው ሲጠፋ፣ ለደህንነት ሲባል፣ ከሌላው አካል ይቋረጣል። መልሶ የሚያገናኘው ማብሪያ ደግሞ የሚሠራው በትንሿ ባትሪ ነው። የበሩ መቆለፊያም፣ ኮምፒውተሩም፣ ቻርጅ እንዲገባ የሚፈቅደውም ክፍል በእሷ ነው የሚነሳው። እሷ ከወደቀች የሞላው ትልቅ ባትሪ ምንም አይፈይድም።

በጣም ያናደደኝ ሳታስጠነቅቅ መሞቷ ነው። የቤንዚን መኪና ባትሪ ሊሞት ሲል ያስታውቃል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ያቃስታል፣ ጠዋት ለመነሳት ይከብደዋል፣ ባለቤቱም ጊዜ ያገኛል። እዚህ ሞተሪኖ የለም። ኮምፒውተር ለመቀስቀስ ትንሽ ኃይል ስለሚበቃ ባትሪዋ እስከ መጨረሻዋ ቀን ጤነኛ ትመስላለች። በዚያ ላይ መኪናው ቆሞም አይተኛም። ከስልክ ጋር ይገናኛል፣ አንዳንዱም ካሜራው ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃል። ትልቁ ባትሪ በየጊዜው ይሞላታል፤ ግን እንደ እሷ ያለ የእርሳስና አሲድ ባትሪ መውረድና መሙላት ሲደጋገምበት ያረጃል። ይህን አይተው ትንሿንም ወደ ሊቲየም የቀየሩ አምራቾች አሉ።

እዚህ ላይ ሻጮችን ልሞግታቸው። «ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ቺንጋ የለ፣ ጋራዥ የሚባል ነገር እርሳው» ትላላችሁ። የሞተር ዘይት አለመኖሩ እውነት ነው፤ እኔም የወደድኩት ለዚያ ነው። ግን «ጥገና የለውም» ማለት ሌላ ነገር ነው። «የባትሪ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር» ስትሉም የምታወሩት ስለ ትልቁ ብቻ ነው። መንገድ የምታስቀረው ትንሿ በዚያ ዋስትና ውስጥ የለችም። ይህን ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት መናገር ምን ይከብዳል?

ሌላም ያልተነገረኝ አለ። ጎማ ቶሎ ይበላል፤ መኪናው ከባድ ነው፣ ፔዳሉን ነካ ሲያደርጉት ደግሞ ኃይሉ በአንዴ ይመጣል። ፍሬኑ ተቃራኒ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆመው ሞተሩ ራሱ ስለሆነ ሸራው ብዙ ይቆያል። ግን ያልተነካ ዲስክ ይዝጋል፣ ሸራውን የሚገፋው ክፍልም ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ጠበቅ አድርጌ እይዘዋለሁ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ፣ መኪናው ብዙ ባይነዳም ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል። የኩላንቱን (የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ) እና የተሳፋሪው ክፍል አየር ማጣሪያውን መቀየሪያ ጊዜ መመሪያው ላይ ታገኙታላችሁ።

ታዲያ ትሸጠዋለህ ወይ ለምትሉኝ፣ አልሸጠውም። ፀጥታውንም፣ አነሳሱንም፣ ወጪውንም ወድጄዋለሁ። ትንሿን ባትሪ ለመቀየር ያወጣሁት ገንዘብ፣ በፊት በቤንዚን መኪናዬ ለዘይት፣ ለፊልትሮና ለፍሪሲዮን ከማወጣው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የተናደድኩት በሻጮች እንጂ በመኪናው አይደለም።

አሁን ሰርቪስ በገባ ቁጥር ትንሿን ባትሪ ቮልት በሚለካው መልቲሜትር አስለካለሁ። መኪናው ጠፍቶ ካረፈ በኋላ የሞላ የእርሳስ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12 በታች ከወረደ ልታልቅ ነው። ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ሻጩን ሁለት ነገር አሳየኝ በሉት። ትንሿ ባትሪ የት ናት? እሷ ሞታ ኮፈኑ በኤሌክትሪክ አልከፈት ቢል ከውጭ ኃይል የሚሰጠው በየት በኩል ነው? ቦታውን በዓይናችሁ ሳታዩ አትፈርሙ። ደግሞ የሌላ ሰው መኪና በእናንተው በኬብል ከማስነሳታችሁ በፊት መመሪያውን አንብቡ፤ ብዙ አምራቾች ይህን ይከለክላሉ።